የጭቃ ጎማ

ታላቅ ወንድሜ ለፒክአፑ ጎማ ሊቀይር ሲነሣ ምክሬን ጠየቀኝ። ከባንክ መስኮት ኋላ የሚውል፣ ማታ ማታ ግጥም የሚሞክር ሰው ስለ ጎማ ምን ያውቃል? ቢሆንም አብሬው ዞርሁ።

የጭቃ ጎማ ጥርሱ ትልልቅ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ሰፊ ነው፤ ሲሽከረከር ጭቃውን እየተፋ ይሄዳል። (የፎገራ ዋልካ ግን ይህንንም ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል።) አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ አስፋልት ነው፤ ወደ ጉና ግርጌ መንደሮች ሲታጠፉ ግን ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ነው።

በዚህ ምድር ስለ መንኮራኩር የተጨነቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማችን አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ አስቀድመው መንገድ ያስጠርጉ ነበር፤ ራሳቸውም በእጃቸው ይሠሩ ነበር። እኛ ግን መንገዱ ሳይጠረግ ጎማ እንመርጣለን።

«ለድንች ብቻ ቢሆን አሮጌው ይበቃኝ ነበር» አለኝ ወንድሜ። «ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት አድርስልን ሲሉኝ ነው ጭንቁ።»

አራቱንም የጭቃ አድርጎ ገዛ። አሮጌዎቹን ለበጋ ብሎ ጓዳ ውስጥ ከገብሱ ጆንያ ጎን ደርድሯቸዋል።