ክብደትን ሳይደብቁ፦ በአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ የተደረገ የበረዶ ዝግጅት

በዚህ እትም የምናወጋችሁ ስለ በረዶ ነው። በአሽቀሎን አሸዋ ላይ ተቀምጦ ስለ በረዶ ማውራት ያስቃል ትሉ ይሆናል፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከሰፈራችን ስድስት ቤተሰቦች ሆነን፣ ክረምቱ ገብቶ የሔርሞን ተራራ ለጎብኚ ሲከፈት ልጆቻችንን ይዘን ለመውጣት ተስማምተን ነበር። ከመካከላችን አንዱን፣ በዕድሜም በአካልም ትልቃችን ስለሆነ ሁላችንም «ጋሼ» የምንለውን ወንድማችንን፣ እሺ ማሰኘት ግን አቃተን። ምክንያቱንም እናውቃለን። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ወጥቶ፣ ጉልበቱ ተጠምዝዞ በሰው ትከሻ ተደግፎ ነው የወረደው። የመጨረሻ ልጁ ደግሞ «አባባ ካልሄደ እኔም አልሄድም» ብላ አኩርፋለች።

ስለዚህ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ የሰንበቱን ዝግጅት ሌሊት ጨርሰን፣ ቡናውን በፔርሙዝ ዳቦውን በመሶብ ይዘን ወደ አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ውጭ አገር ስኪ የተማረ አንድ ወጣታችን ሁለት ዓይነት ስኪቦርድና ጫማ በመኪናው ጭኖ መጣ። ዓላማችን ጋሼን መገሠጽ አልነበረም፤ ዕቃውን በእጁ ይዞ እንዲያየውና ያለፈው ጥፋት ከእሱ ይሁን ከዕቃው እንዲለይለት ነው።

ፓርኩን ለማታውቁት ጥቂት እንበል። ባሕሩን ተንተርሶ የተዘረጋ፣ ሣርና አሸዋ፣ ፍርስራሽና ዛፍ የተቀላቀለበት ሰፊ ቦታ ነው። በውስጡ ያሉት የሾላ ዛፎች ያው የአገራችን ሾላ ናቸው፤ ሽማግሌዎቻችን ከሥራቸው ሲቀመጡ የጎንደር ወንዝ ዳር ትዝ ይላቸዋል። ከተማዋን በግማሽ ክብ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚከብባት የአፈር ካብ አለ፤ ከዛሬ 3,800 ዓመት ገደማ በፊት ከነዓናውያን የሠሩት ነው። በዚያው ካብ ውስጥ በጭቃ ጡብ የተሠራው ቅስት በር ይገኛል፤ በዓለም ከሚታወቁት ቅስት በሮች ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1990 ደግሞ ቆፋሪዎች በበሩ አቅራቢያ በብር የተለበጠች ትንሽ የጥጃ ምስል አግኝተዋል።

ልጆቹ የካቡን ተዳፋት ሲያዩ «እዚህ እንንሸራተት!» ብለው ጮኹ። አይሆንም አልናቸው። ያን ያህል ዘመን የቆየ አፈር የእኛ መጫወቻ አይደለም። ሜዳው ሣር ላይ፣ ከአንድ ሾላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን ዕቃውን ደረደርን።

ስኪቦርድ ማለት አጭርና ሰፊ ስኪ ነው። መደበኛው ስኪ ወደ ሰው ቁመት ሲጠጋ፣ ይህኛው ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር አይበልጥም። የፊቱም የኋላውም ጫፍ ወደ ላይ የቀና ነው፤ በእጅ የሚያዝ ዘንግም አያስፈልገውም። በ1990ዎቹ ዓመታት በገበያ የተስፋፋው ለመማር ቀላል ስለሆነ ነው። ወጣታችን ይህን ሲያስረዳ ጋሼ አቋረጠውና፣ «ቀላልነቱ ለቀላል ሰው ነው» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እውነቱን ነበርና።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰሌዳው አጭር ሲሆን በረዶው ላይ የሚያርፍበት ስፋት ያንሳል። 112 ኪሎ የሚመዝን ሰውና 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ዓይነት 90 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ ላይ ቢቆሙ፣ የመጀመሪያው በረዶውን የሚጫነው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። በረዶው ለስላሳ ከሆነ ሰሌዳው ይሰምጣል፤ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ሰሌዳው ይለምጥና በመታጠፊያው ላይ አይጨብጥም። ከኋላ የሚደግፍ ርዝመት ስለሌለውም፣ ትንሽ ወደ ኋላ የተደገፈ ሰው ወዲያው በመቀመጫው ይወድቃል። ስለዚህ ከባድ ሰው ከስኪቦርድ ዓይነቶች ረዘም ያለውን፣ ከ1 ሜትር የሚያልፈውን፣ ወገቡ ሰፊና ውስጡ እንጨት የሆነ ጠንካራውን መምረጥ አለበት። ወጣታችን ሁለቱን ሰሌዳዎች በየተራ ጫፋቸውን መሬት አስይዞ መካከላቸውን በእጁ ሲጫናቸው፣ አጭሩ እንደ ቀስት ሲጎብጥ ረጅሙ ብዙም አልተነቃነቀም። ለጋሼ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ከሰሌዳው ይልቅ ብዙ ያነጋገረን ግን ማሰሪያው ነው፤ ጫማውን ከሰሌዳው ጋር የሚያያዘው ብረት ማለታችን ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ጫማውን ነክሶ የሚይዝና በምንም ዓይነት ውድቀት የማይለቅ ነው። ሁለተኛው እግር ከመጠን በላይ ሲጠመዘዝ ራሱ ከፈት ብሎ ጫማውን የሚለቅ ነው። በአጫጭር ስኪቦርዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የማይለቀው ነው፤ «ሰሌዳው አጭር ስለሆነ እግርን የመጠምዘዝ ጉልበት የለውም» ከሚል አሳብ የመጣ ነው። አሳቡ በከፊል ልክ ነው። ነገር ግን የሚወድቀው ሰው ከባድ ሲሆን፣ ሰሌዳው በረዶ ውስጥ ተሰክቶ ሲቀር፣ የሰውየው ክብደት ሁሉ የሚያርፈው በቅልጥሙና በጉልበቱ ላይ ነው። የጋሼም ጉልበት የተጎዳው እንዲሁ ነበር። ለከባድ ሰው የሚመከረው ከ1 ሜትር በላይ የሆነ፣ የሚለቀውን ማሰሪያ ለመሸከም የተዘጋጀ ሰሌዳ ነው። የሚለቀው ማሰሪያ ጫማው ሲወልቅ ሰሌዳውን የሚያቆም ፍሬንም አለው።

«እንግዲያው ከባድ ስለሆንኩ አጥብቃችሁ እሰሩልኝ» አለ ጋሼ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሰሪያው በምን ያህል ጉልበት እንደሚለቅ የሚወሰነው በሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ክብደትን፣ ቁመትን፣ ዕድሜን፣ የጫማውን ሶል ርዝመትና የችሎታ ደረጃን ይጠይቃል። ጋሼ በክብደቱ ከ95 ኪሎ በላይ በሚለው በመጨረሻው መስመር ይገባል፤ በቁመቱ ግን 1 ሜትር ከ74 ስለሆነ ከ167 እስከ 178 ሳንቲ ሜትር በሚለው መስመር ነው። ሁለቱ ሲለያዩ የሚወሰደው ዝቅተኛው፣ ማለት ቶሎ የሚለቀው ነው። ሰው ስለ ወፈረ ቅልጥሙ አብሮ አልወፈረምና። ዕድሜው 50 ከደረሰ ደግሞ አንድ መስመር እንደገና ዝቅ ይላል።

እዚህ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። የጋሼ መታወቂያ ዕድሜውን ከ50 በታች ያደርገዋል። እናቱ ግን አብዮቱ በ1966 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር በ1974 ሲፈነዳ፣ እሱን በጀርባቸው አዝለው እንደነበር ይናገራሉ። ስንመጣ ዕድሜያችን በግምት የተጻፈብን ብዙዎች ነን፤ ለጡረታ ጊዜ እንጂ ለሌላ ይጎዳናል ብለን አስበን አናውቅም። ለካ ለአጥንትም ይጎዳል።

ጋሼ ቡናውን አስቀመጠና ያን ጊዜ የሆነውን ነገረን። ዕቃ ከሚከራይበት ቦታ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከኋላው ልጆች ቆመዋል። ክብደቱን ሲጠይቁት አፍሮ «75» አለ። በዚያ ቃል መሠረት የሰጡት አጭሩን ሰሌዳ ከማይለቀው ማሰሪያ ጋር ነው። «በአገራችን ወፈርክ ማለት ደስ አለህ ማለት ነበር፤ እዚህ ግን ቁጥሩን ስናገር ሰው የሚስቅብኝ ይመስለኛል» አለን። ማንም አልሳቀም። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስንመጣ ብዙ ሰው እንዲጭኑ የአውሮፕላኖቹ ወንበር ተነቅሎ ነበር፤ አንዱ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው አምጥቷል። ያን ጊዜ ቀጭኖች ነበርን። ኑሮው፣ ምግቡና መቀመጡ ሰውነታችንን እንደ ለወጠው በየቤታችን የምናየው ነው።

ከዚያ ተነሥተን ወደ ባሕሩ ወረድን። በገደሉ ጠርዝ ላይ ያለውን የመካከለኛ ዘመን ግንብ አይታችሁ ይሆናል። ግንበኞቹ የሮማውያንን የድንጋይ ዓምዶች አጋድመው በግንቡ ውስጥ አስገብተዋቸዋል፤ እንደ ማሰሪያ እንዲያገለግሉ ነው። ከተማዋን መስቀላውያን በ1153 ያዟት፤ ሳላሕ አድ-ዲን በ1191 ቅጥሯን አፈረሰው፤ ባይባርስ በ1270 ጨርሶ አጠፋት። ዓምዶቹ ግን እስከ ዛሬ ከግንቡ ወጥተው ይታያሉ፤ አንዳንዱ ግንብ ከነዓምዱ ባሕር ዳር ወድቋል። ጋሼ አንዱን ዓምድ በእጁ መታ መታ አደረገና፣ «ለግንብ የማይለቅ ማሰሪያ ደግ ነው፤ ለእግር ግን የሚለቀውን ስጡኝ» አለ።

ስንመለስ ሣሩ ላይ ጫማውን አጥልቆ ቆመ። ጫማው ከሁሉ በፊት መመረጥ አለበት፤ ባቱ ወፍራም የሆነ ሰው ላዩ ሰፋ ያለውን ይጠይቅ። ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ቅልጥሙ የጫማውን ምላስ እስኪነካ ወደ ፊት እንዲያዘነብል አለማመድነው። ልጁ እጁን ይዛ ከእሱ ጋር ታጎነብስ ነበር።

«በረዶ የእኛ ሰው ነገር አይደለም» ለሚሉም መልስ አለን። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። እኛ የኦሎምፒክ አሳብ የለንም፤ አባት ከልጁ ጋር ወጥቶ በደኅና እንዲመለስ ነው የምንፈልገው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ለመውጣት ካሰባችሁ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ፣ ጉልበታችሁም የሚያማችሁ፣ አስቀድማችሁ በኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁን አማክሩ። ክብደታችሁን፣ ቁመታችሁንና እውነተኛ ዕድሜያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ በሰልፍ ፊት ጮክ ብሎ መናገር ያሳፈረው ወረቀቱን ይስጥ። ማሰሪያውን ራሳችሁ አታጥብቁ፤ በመሣሪያ የሚያስተካክል ባለሙያ ያስተካክለው።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ ሰንበት ሳይገባ ዕቃችንን ሰበሰብን። ጋሼ መኪናው አጠገብ ቆሞ ልጁን ጠራትና፣ «ደብተርሽን አውጪ» አላት። «ጻፊ፦ ክብደት 112። ቁመት 174። ዕድሜ ከ50 በላይ።» እሷም ጻፈች፤ ከሥሩም የራሷን ጨመረች። ሔርሞን የምንወጣው ሁላችንም ነን።