በኦብሁር ባሕር ላይ የዋልኩበት ጁምዓ

 ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ደመወዝ አይደለም። በገዛ የእረፍት ቀኔ፣ ያለ አንድ ሪያል ክፍያ ስለሠራሁት ሥራ ነው። «አብደሻል እንዴ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ አብራኝ የምትሠራው የወሎዋ ጓደኛዬም ያለችኝ ይኸንኑ ነው።

ጅዳን ለማታውቋት፣ በቀይ ባሕር ዳር ረዝማ የተዘረጋች ከተማ ናት። አል-በለድ የሚባለው አሮጌ ሰፈሯ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠራ ሲሆን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በሰሜን በኩል ባለው ኮርኒሽ ደግሞ አዲሱ የጅዳ ያች ክለብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኅዳር መጨረሻ ላይ ለአሜሪካ ዋንጫ ከሚደረጉት ቅድመ ውድድሮች አንዱ እዚያ ተካሂዷል። አራት አራት ሰው የጫኑት ጀልባዎች ከውኃው ብድግ ይሉና ከሥራቸው ባለ ቀጭን ክንፍ ላይ ቆመው ይበራሉ፤ ሞተር የላቸውም፣ ነፋስ ብቻ።

የእኔ ታሪክ ግን ከዚያ ወደ ሰሜን አለፍ ብሎ፣ ባሕሩ ወደ መሬት ገብቶ ሰርጥ በሠራበት በኦብሁር ነው። የማሳድገው ልጅ 11 ዓመቱ ነው። ኦፕቲሚስት በምትባል፣ ርዝመቷ 2 ሜትር ከ30 ገደማ በሆነች የልጆች ጀልባ ይወዳደራል። ከባሕር ሲመለስ የሸራውን ጨው በንጹሕ ውኃ የማጥበው እኔ ነኝ።

እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሚሠራበት የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ እረፍት ይሰጣል። በየቤቱ እንዴት እንደሚከበር እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ቤት ጁምዓ ይከበራል፤ የዚያን ቀን ልተኛ አስቤ ነበር። ጓደኛዬ ለዑምራ ወደ መካ ልትሄድ ሌሊት ተነሥታ ስትታጠብ ቀሰቀሰችኝ። መካ ከጅዳ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ሙስሊም ያልሆነ ግን አይገባባትም፣ መንገዱም ላይ ምልክት ቆሟል። ስለዚህ እኔ የማውቃት እሷ ስትመለስ በምትነግረኝ ነው። ከወሬዎቿ ሁሉ የምወደው ከጅዳ በስተደቡብ ስላለው ሹዓይባ ስለሚባለው የጥንት ወደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች፣ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች፣ ከመካ ሸሽተው በዚያ ጀልባ ተሳፍረው ወደ ነጃሺ አገር፣ ወደ እኛ ዘንድ መጡ ይባላል። አሳዳጆቻቸው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ጀልባዎቹ ሄደዋል። በዚያ ጊዜ ስደቱ ወደ እኛ ነበር፤ ዛሬ እኛ በዚያው ባሕር ተሻግረን እዚህ ነን።

ማለዳ የልጁ እናት መጣችና የሚጽፍ ሰው እንደ ጎደለ ነገረችኝ። ለወትሮው «ነይ» ትላለች። የዚያን ቀን ግን «ከፈለግሽ» አለች። ምን እንደምል ግራ ገባኝ፤ ከሦስት ዓመት በላይ ስሠራ እንዲያ ተብዬ አላውቅም። ሄድኩ።

ያገሬ ውኃ ጣና ነው፤ ታንኳ አውቃለሁ። ሸራ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለ ሸራ ጀልባ ነፋሱን ፊት ለፊት መውጣት አይችልም፤ የዓባይ በረሃ መንገድ እንደሚጠማዘዘው ግራና ቀኝ እየታጠፈ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የዳኞቹ የመጀመሪያ ሥራ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ዓይቶ በዚያ አቅጣጫ ተንሳፋፊ ምልክት በመልሕቅ መትከል ነው። ነፋሱ ከዞረ ነቅሎ እንደ ገና መትከል። አንዲት ነርስና አንድ መሐንዲስ ያን መልሕቅ ሲጎትቱ እጃቸው ተልጦ ነበር። ማንም አይከፍላቸውም፤ ውኃቸውን እንኳ ከቤታቸው ነው ያመጡት።

መነሻው መስመር በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ከዳኛው ጀልባ ምሰሶ እስከ ተንሳፋፊው ምልክት በሐሳብ የሚሰመር ነው። 5 ደቂቃ ሲቀር አንድ ባንዲራ ይወጣል፣ ጡሩምባም ይነፋል። 4 ሲቀር መሐሉ ነጭ የሆነ ሰማያዊ ባንዲራ ይጨመራል፤ 1 ሲቀር እሱ ይወርዳል። ከዚያ የመጀመሪያው ሲወርድ ይነሣሉ። ጡሩምባው ባይሰማ እንኳ የሚቆጠረው ባንዲራው ነው። ሽማግሌው ዳኛ ሰሌዳና እርሳስ ሰጠኝ። እስክሪብቶ ውኃ ሲነካው ይጠፋል።

በሁለተኛው ዙር ልጆቹ መስመሩ ላይ እንደ በግ ተጋፉ። ባንዲራው ሲወርድ አንዱ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ዳኛው ሸራ በሸራ ተደርቦበት «ቁጥሩን ያየ አለ?» ሲል ጮኸ። ሌሎቹ ዝም አሉ።

እኔ አይቼዋለሁ። በየሳምንቱ የማጥበውን ሸራ እንዴት አላውቀው?

እኅቶቼ፣ ኮንትራቴ ሊያልቅ 5 ወር ቀርቶት ነበር። እናቲቱ ዳር ቆማ በመነጽር ታያለች። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። አፌ ግን ቁጥሩን ጠራ። ወዲያው ሰማያዊ መስቀል ያለበት ነጭ ባንዲራ ወጣ፤ ትርጉሙ «የቀደምክ ተመለስ» ነው። ተመልሶ መስመሩን እንደ ገና ቢያልፍ ኖሮ ምንም አልነበረም። ልጄ ግን ወደ ኋላ አላየም። ሁለተኛ ሆኖ እየሳቀ ገባ፣ ከዚያም እንዳልተቆጠረለት ነገሩት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለችኝ እናቲቱ።

«አዎ ማዳም።»

ሌላ ቃል አልወጣትም። በመኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም። እኔ ኮርኒሹን እያየሁ ሻንጣዬን በልቤ ስሸክፍ ቤት ደረስን።

ማታ ሸራውን አጥቤ ሳሰጣ ልጁ መጣ። ዓይኑ አብጧል። «በስንት ነው የቀደምኩት?» አለኝ።

ክንዴን ዘርግቼ አሳየሁት። ክንዴን አየ፣ ሸራውን አየ፣ ከዚያም በአንደኛው ጫፍ ይዞ ያሰጣው ጀመር።