ያለ ምስክር የተፈረደባት አበባ

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን የሠራ ሰው፥ ነገርን ሳይመረምሩ መፍረድ እንዴት ያለ ጉዳት እንደሚያመጣ ማወቅ ይገባዋል። እኔ ግን የሌላውን ሰው ክርክር በመዝገብ እየጻፍሁ፥ በገዛ ግቢያችን በአንዲት አበባ ላይ ያለ ምስክር ፈረድሁ።

እስቴ ባለው በእናቴ ግቢ አባቴ ሲጠብቀው የኖረ ትልቅ ወይራ አለ። በግንዱ ላይ ቅጠልዋ ወፍራም፥ ሥርዋ እንደ ነጭ ገመድ የሆነ ተክል በቅላ ትኖር ነበር። ዝናም ከጠገበች በኋላ እንደ ኮከብ ያለ ነጭ አበባ ታወጣለች፤ ከአበባውም በስተኋላ አንድ ስንዝር የሚያህል ቀጭን ጭራ ይወርዳል። ቀን ሽታዋ እምብዛም አይሰማም፤ ሲመሽ ግን ግቢውን ይመላዋል። እናቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ማበብዋን የሚያውቁት በዚህ ሽታ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወይራው ከጫፉ መድረቅ ጀመረ። በአገራችን በዛፍ ላይ የሚበቅለውን ብዙውን ጊዜ ተቀጽላ እንለዋለንና፥ «ዛፉን የምታደርቀው ይህች ናት» ብዬ ከግንዱ ነቅዬ ጣልኋት። እናቴም «ልጄ፥ ምን በደል አገኘህባት?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ስለ ካሳ ብዬ ፍግ በበዛበት አፈር ተክዬ ጧት ማታ ውሃ አጠጣኋት፤ ሥርዋ በሰበሰ።

በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገምሁ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤትም የዕፅዋትን ነገር የተማርሁ ሰው ሳለሁ፥ መጽሐፍ የፈለግሁት ከጥፋቱ በኋላ ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ሊቃውንት ጋር ሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ አለ። ተክሊቱም ኤራንጊስ ከሚባለው የኦርኪድ ወገን መሆንዋን ተረዳሁ።

ይህች አበባ የዛፍ እንግዳ ናት እንጂ ጠላት አይደለችም። ሥርዋ ቅርፊቱን ብቻ ይይዛል፤ የምትጠጣውም ዝናምና ጤዛ ነው። ሥሩ ውሃውን እንደ ጥጥ ከመጠጠ በኋላ ነፋስ ሊያገኝ ይገባል፤ በአፈር ቢቀብሩት ይታፈናል። እውነተኛው ተቀጽላ ግን ሥሩን ወደ እንጨቱ ሰድዶ የዛፉን ውሃ ይጠጣል። ልጅ ወደ ጫፉ ባወጣ፥ እርሱ በዚያ ለምልሞ ተገኘ። የኦርኪድ ዘር ደግሞ እንደ ትቢያ የደቀቀ፥ ስንቅ የሌለው ስለ ሆነ፥ አንድ ዓይነት ሻጋታ ካልመገበው አይበቅልም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተነቀለችው በቶሎ አትተካም።

የተረፈውን ቁራጭ፥ የጧት ፀሐይ በሚያገኘውና ቀትር ላይ ጥላ ባለው በኩል፥ ያለ አፈር ከወይራው ቅርፊት ጋር በጨርቅ አሰርሁት። በበጋ ማለዳ ማለዳ ውሃ እረጭበት ነበር። በሁለተኛው ክረምት ሥሩ ቅርፊቱን ያዘ፤ በሦስተኛው ዓመት ሁለት አበባ ፈነዳ። እናቴ ግን ከዚያ በፊት ዐርፈው ነበር። በዚያ ማታ ሽታው ሲነሣ በደጃፋቸው ተቀምጬ፥ መልስ ያጣሁለትን ጥያቄያቸውን አሰብሁ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የቀደመው የአገር ዛፍ በብዛት የቀረው በየደብሩ ቅጥር ነው። ከዚያ ኦርኪድ አትንቀሉ፤ ነፋስ ከጣለው ቅርንጫፍ ላይ ብታገኙ ግን አስፈቅዳችሁ ወስዳችሁ በግቢያችሁ ዛፍ ላይ እሰሩ። በዛፍ ላይ ያለውንም ሁሉ ከመንቀላችሁ በፊት ሥሩ እስከ ምን እንደ ደረሰ መርምሩ።