ፓኬጅ ብቻውን አይመጣም

ሐምሌ 2015 ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ፣ ደሴ ውስጥ ለወጣቶች ፓይተን አስተምር ነበር። ትምህርታችን መረጃ መተንተን ላይ ደርሶ ስለነበር ፓንዳስ የተባለው ፓኬጅ በየላፕቶፑ መጫን ነበረበት። ደህና ቀን ቢሆን የአንድ መስመር ትእዛዝ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ፋይሉን ከድረ ገጽ አውርዶ፣ ፍላሽ ላይ አድርጎ በመንገደኛ ላከልኝ። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣውን ሰክተን ስንሞክር “ናምፓይ የለም” አለን። እውነቱን ነው፤ ፓንዳስ ያለ ናምፓይ አይሠራም። ዴትዩቲልንም ይፈልጋል፤ ዴትዩቲል ደግሞ በተራው ሲክስ የምትባል ትንሽ ፓኬጅ ካላገኘ አይነሳም። ኢንተርኔት ሲኖር የፓይተን ፓኬጅ ጫኚው ፒፕ ይህን ሁሉ ራሱ ለቃቅሞ ስለሚያመጣ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ቀጥሎ የመጣው ፍላሽ ሁሉንም ይዟል፤ ግን የወረደው በዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው። ናምፓይ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ክፍል ስላለው ለየሲስተሙና ለየፓይተን ቨርዥኑ ለብቻ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ፒፕም ካላዘዙት በቀር የሚያመጣው ለሚያወርደው ማሽን የሚሆነውን ነው። የእኛዎቹ ኡቡንቱ 22.04 ከነፓይተን 3.10 ናቸው። ስልክ መደወል ይቻል ስለነበር ለወዳጄ ትእዛዙን ፊደል በፊደል አስጻፍኩት፤ ያኔ ተሳካ። ሥራዬ የሚቆመው በትልቁ ፓኬጅ ሳይሆን ከሥሩ በተደበቀችው በመጨረሻዋ ፋይል መሆኑን ያን ሰሞን በደንብ ተረዳሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው የራሳችንን የፓኬጅ ማከማቻ፣ ማለትም ሪፖዚተሪ፣ ያቋቋምነው። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ከራውተር ጋር አገናኝተን የፓይተኑን ፓኬጆች በአንድ ፎልደር፣ የኡቡንቱን አፕትሊ በተባለ መሣሪያ አደራጀን። የኡቡንቱን ክምችት ሙሉውን መቅዳት እጅግ ሰፊ ቦታ ይጠይቃል፤ አፕትሊ ግን የምንፈልጋቸውን ከነጥገኞቻቸው ነጥሎ ያስቀራል። ላፕቶፖቹም ከዚያች ማሽን እንዲወስዱ አደረግን።

ተማሪዎቼ አንድ ነገር ላይ ተከራከሩኝ። የኡቡንቱ ፓኬጅ ጫኚ አፕት ያልተፈረመ ሪፖዚተሪ አይቀበልም። “ማጣራቱን እናጥፋውና ይለፍ፤ የራሳችን አይደል?” አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ ዛሬም እምቢ እላለሁ። የፓኬጆቹ ዝርዝር የየፋይሉን የሻ 256 አሻራ ይይዛል፣ ፊርማው ደግሞ ዝርዝሩን ይጠብቃል። በስንት ሰው እጅ ባለፈ ፍላሽ የመጣ ፋይል መንገድ ላይ ቢቀየር በሌላ በምን እናውቃለን?

ስጋቱ መንገድ ላይ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አሌክስ ቢርሳን የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ለውስጥ ሥራቸው ብቻ የሚጠቀሙባቸውን የፓኬጅ ስሞች በሕዝብ ሪፖዚተሪዎች ላይ አስመዝግቦ የራሱን ኮድ እነአፕልና እነማይክሮሶፍት ውስጥ ማስኬድ እንደቻለ አሳይቷል። ፒፕ ሁለት ምንጭ ሲሰጡት ከፍ ያለውን ቨርዥን ነውና የሚያነሳው፣ ኮኔክሽን ሲኖርም ለኮምቦልቻ ደንበኞቻችን የጻፍናቸውን ፓኬጆች የምንጭነው ከራሳችን ሪፖዚተሪ ብቻ ነው።

የክምችታችንን ግልባጭ የት እናስቀምጥ የሚለው ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል። መጀመሪያ ያሰብነው አንዱን ደሴ፣ ሌላውን የሀረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ለማድረግ ነበር፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሚኒባስ ቶሎ ይደረሳል። ግን በ2014 ጥቅምት ሁለቱም ከተሞች በጥቂት ቀናት ውስጥ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው እስከ ኅዳር ማብቂያ ቆይተዋል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፏል። ደሴ ላይ የደረሰ ለኮምቦልቻም አይቀርላትም። ስለዚህ ሦስተኛው ግልባጭ አዲስ አበባ ተቀምጧል።

የተከማቸ ፓኬጅ እንደ ጎተራ እህል ካላገላበጡት ይነቅዛል። ለኡቡንቱ 22.04 የደኅንነት ማስተካከያ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ይወጣለታል፤ እኛ ካላመጣነው ግን ለእኛ እንዳልወጣ ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ሃርድ ዲስኩን እንሰጠዋለን። አፕትሊ የቀድሞውን ይዞታ በስናፕሾት ስለሚያቆይልን፣ አዲሱ ካስቸገረ ወደ ነበርንበት እንመለሳለን።

ያልተፈታልን የጃቫስክሪፕቱ ነው። አንድ ተራ ድረ ገጽ የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ከሚከማቹበት ከኤንፒኤም በመቶዎች የሚቆጠሩ ፓኬጆችን ሊጎትት ይችላል። ቨርዳቺዮ የተባለው ሰርቨር በእሱ በኩል ያለፈውን ሁሉ ስለሚያስቀር፣ ብዙ ሰው በተጠቀመበት ቁጥር ክምችቱ ይሞላል። ለዚህ ደግሞ የአንድ ክፍል ተማሪዎች አይበቁም። በሁለቱ ከተሞች ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ግቢዎችና ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች በጋራ ቢይዙት ከልቤ እመኛለሁ፤ እስካሁን ያጠራቀምነውን ዲስክ ለሚጀምረው ሰው ቀድቼ እሰጣለሁ።