ቢጫው መስመር

ስህተት ይጮኻል፤ ማስጠንቀቂያ ግን ያንሾካሹካል። ኮምፒውተር ስህተት ሲያገኝ ሥራውን ያቆማል፤ ሲያስጠነቅቅ ግን አንዲት ቢጫ መስመር ጽፎ መንገዱን ይቀጥላል። በመጨረሻም በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል ያወጣል። ሰው ደግሞ ያማረ ነገር ፊት ሲቆም መጠየቅ ይረሳል።

የምኖረው ለገዳዲ ነው። በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ፣ «ዳዺ» ደግሞ ጠጅ ነው፤ የጠጅ ወንዝ እንደ ማለት። አዲስ አበባ ከዚህ የምትቀዳው ግን ውኃ ነው፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ግድብ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አጠጥቷታል። በዚህ ጉርብትና ምክንያት ይመስለኛል፣ ምሽት ምሽት ለራሴ ትምህርት የአንድ ምናባዊ የአርማታ ግድብ ቁራጭ በኮምፒውተር እየሳልኩ ጥንካሬውን አሰላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ውድ አንባቢ። ግዙፉን አካል እንዳለ ማስላት ስለማይቻል ፕሮግራሙ በሺህ በሚቆጠሩ ሦስት ማዕዘኖች ይከፋፍለዋል። እነዚህ ጎን ለጎን ተጋጥመው መረብ ይሆናሉ፤ መሐንዲሶች ሜሽ ይሉታል። ሬይ ክላፍና ኤድዋርድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1962 አርካንሳስ ውስጥ የተሰነጠቀውን የኖርፎርክ ግድብ በዚህ ዘዴ መርምረዋል። ዘዴው ገና በልጅነቱ ከግድብ ጋር ተዋውቋል ማለት ነው።

አንድ ምሽት ቢጫው መስመር መጣ፤ ጥራታቸው የወረደ ክፍልፋዮች አሉ ይላል። ቦታውን ፈልጌ አጎላሁት። ሥዕሉ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲሻገር አንድ መሆን የነበረባቸው ሁለት ነጥቦች በፀጉር ስፋት ተለያይተዋል። በዚያች ኢምንት ጠርዝ ዙሪያ ፕሮግራሙ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሦስት ማዕዘኖች ወትፏል። ማዕዘናቸው ወደ 180 ዲግሪ ሲጠጋ ስሌቱ እንደሚዛባ ባቡሽካና አዚዝ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳይተዋል። ክፍልፋዮቹን ማሳነስ መርፌዎቹን ማብዛት ብቻ ይሆን ነበር። ሕመሙ ከሥዕሉ እንጂ ከመረቡ አልነበረም። ሁለቱን ነጥቦች አዋሐድኳቸው፤ መስመሩም ጠፋ።

የመስመሩ መጥፋት ግን ዋስትና አይደለም። ክፍልፋዮቹን በግማሽ አሳንሼ ደግሜ አሰላሁ። የግድቡ አናት በውኃው ግፊት የሚገፋበት መጠን እምብዛም አልተለወጠም፤ ይህን ቁጥር አመንኩት። ግድቡ ከዓለቱ ጋር በሚገናኝበት ሹል ጥግ ግን ክፍልፋዩ ባነሰ ቁጥር ውጥረቱ ያሻቅብ ነበር። ሹል ጥግ በሒሳብ ማብቂያ የሌለው ውጥረት አለው፤ ይህን የሚያስጠነቅቅ መስመር አልመጣም። ይህን ማወቅ የሰው ድርሻ ነው።

ያልተጠየቀ ስሌት ምን እንደሚያስከፍል ኖርዌይ አይታለች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1991 ስታቫንገር አጠገብ የስሌይፕነር ኤ የነዳጅ መድረክ የአርማታ መሠረት በሙከራ ላይ ሳለ ሰጠመ። መረቡ ሻካራ ስለነበር ስሌቱ ግድግዳውን ሊቆርጥ የሚችለውን ኃይል በ47 በመቶ ያህል አሳንሶ ነበር የገመተው፤ ፌሮውም አልበቃም። ደግነቱ ሰው አልሞተም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉን የሚይዘው ግን ጭሱን ያየ ነው። አዲስ አበባ ቧንቧዋን ስትከፍት ስለ ሦስት ማዕዘን አታስብም፤ ማሰብም የለባትም። እንዳታስብ የሚያደርጋት፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው ቢጫዋን መስመር ቆም ብሎ ማንበቡ ነው።