ፈሪዋ ውሻችንና የባለቤቴ ይቅርታ

አንድ ቀን ስለ ውሻ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መቼም በእኛ ባህል የውሻ ቦታ ደጅ ነው። ፓስተር ቤት ሳሎን ውስጥ ውሻ ተኝታ ያየ እንግዳ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ «ይህቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ስለ ፍርሃትና ስለ መታመን ቤተሰባችንን ብዙ ያስተማረችው ይህቺው ውሻ ስለሆነች፣ እስቲ ታሪኳን ላውጋችሁ።

የምንኖረው በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ ነው። ከተማዋ በምሥራቅ በዋሽንግተን ሐይቅ፣ በምዕራብ ደግሞ ፒዩጄት ሳውንድ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ የተከበበች ናት። ወዴትም ብትሄዱ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደይ ወራት የአሥራ አንድ ዓመቱ ታናሽ ልጃችን ለዓመታት ሲለምነን የኖረውን ውሻ ከእንስሳት መጠለያ አመጣንለት። ቀለሟ በደንብ የበሰለ ድፎ ይመስላልና ስሟን «ዳቦ» አላት። ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ምን እንደደረሰባት አናውቅም። ብቻ የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ሲከፈት ጅራቷን ሸጉጣ አልጋ ሥር ትገባ ነበር።

ባለቤቴ ያደገው ሐዋሳ ነው። ዋና የተማረውም ታላላቆቹ ወደ ሐይቁ ገፍትረውት ነው። «ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ፤ በማግስቱ ራሴ ዘልዬ ገባሁ» እያለ ይስቃል። ልጃችን ግን ውሃ ይፈራል። በዚህ ምክንያት አባትና ልጅ ስንት ጊዜ እንደተኮራረፉ የማውቀው እኔ ነኝ።

በሐምሌ ወር (እዚህ ሐምሌ በጋ ነው) ከጉባኤያችን ቤተሰቦች ጋር ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ሐይቅ ሄድን። ከዳርቻው ወደ ውሃው የዘለቀ የእንጨት መድረክ ነበረ። ዳቦ ጫፉ ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ከንፈሯን ደጋግማ ትልሳለች፣ ታዛጋለች፣ የዓይኗ ነጩ ክፍል ይታያል። ያን ጊዜ አላወቅንም እንጂ ውሻ «ፈርቻለሁ» የምትለው እንዲህ ነው። ባለቤቴ ግን «ውሻ እኮ ዋና አይማርም፤ አብሮት የተፈጠረ ነው» አለና አንስቶ ወረወራት።

ውድ አንባቢ፣ ይህ አባባል እውነት አይደለም። እንደ ቡልዶግና ፐግ ያሉት ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ውሾች በቀላሉ ይሰምጣሉ። ሌሎቹም ቢሆኑ በድንጋጤ ጊዜ አቅላቸውን ይስታሉ። ዳቦ ከውሃው በታች ሄደች። ብቅ ስትል በፊት እግሮቿ ብቻ ውሃውን ትደበድባለች፤ ወገቧ ወደ ታች ይጎትታታል። ባለቤቴ ከነልብሱ ዘሎ ገብቶ አወጣት። ልጃችን በሸሚዙ ጠቀለላትና ወደ አባቱ ሳያይ ይዟት ሄደ።

ማታም ሳሏ አላቆመም፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሟ ውሃ ወደ ሳንባ ገብቶ ከሆነ ችግሩ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ እንደሚችል ነግራን፣ ለክትትል እንድታድር አደረገች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ውሃ ውስጥ ታፍና የወጣች ውሻ ደህና ብትመስልም እንኳ ለሐኪም መታየት አለባት።

እዚያው ተቀምጠን ሳለ ልጃችን ከሰዓታት ዝምታ በኋላ «አባዬ፣ እኔንም እንደሷ ልትወረውረኝ ነበር?» አለ። ባለቤቴ መልስ አጣ። እኔም ልሸፋፍንለት ፈልጌ ቃል አላገኘሁም። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ሞተሩን ሳያስነሳ ወደ ኋላ ዞረና «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። እሷንም በድያለሁ፣ አንተንም አስፈራርቼሃለሁ። ይቅር በለኝ» አለው። ስለ ይቅርታ ብዙ ጊዜ ሲሰብክ ሰምቼዋለሁ። የዚያን ሌሊቱ ከሁሉም አጭሩ ነበር። ልጁም «እሺ» አላለም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ዳቦ በማግስቱ ድና ወጣች። ታዲያ ከዚህ በኋላ ከውሃ ብናርቃት አይሻልም ነበር ወይ? እኔ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን በውሃ በተከበበ ከተማ የምትኖር ውሻ አንድ ቀን ተንሸራትታ ልትገባ ትችላለች። ስለዚህ ሐኪሟን መክረን እንደ አዲስ ጀመርን። በዚህ ጊዜ ገመዱን የሚይዘው ልጃችን ሆነ፤ እሱ «ይበቃታል» ካለ ይበቃታል፣ አባቱም አይከራከርም ተባባልን።

ሁለት ሳምንት ውሃ ያለበት አልደረስንም። ለውሻ የተሠራ፣ ጀርባው ላይ መያዣ እጀታ ያለው ላይፍ ጃኬት ገዛን። መጀመሪያ ከምግቧ አጠገብ አስቀመጥነው። ቀጥሎ በቁራጭ የዶሮ ሥጋ እያባበልን ለጥቂት ደቂቃ አለበስናት። ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ከገባ ልክ ነው፤ ከላላ ይሾልካል፣ ከጠበቀ ይፍቃታል።

ከዚያ ማግነሰን ፓርክ ወሰድናት። እዚያ ውሾች ተለቀው የሚጫወቱበትና ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ የሚገቡበት ዳርቻ አለ። ሰው በማይበዛበት በማለዳ፣ ውሃው ቀስ እያለ በሚጠልቅበት በኩል ሄድን። ረጅሙን ገመድ ያሰርነው አንገቷ ላይ ሳይሆን ጃኬቷ ላይ ነው። ባለቤቴ ሱሪውን ሰብስቦ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቁጭ አለ። አልጠራትም፣ አልጎተታትም። የመጀመሪያው ቀን መዳፏን ብቻ አርሳ ተመለሰች፤ ልጃችንም «ይበቃታል» አለ። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። ያ ቸኩሎ የሚታወቀው ባለቤቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሱሪውን አርሶ ወደ ቤቱ ገባ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ ነው።

ውሃው ሆዷ ድረስ ሲደርስ ባለቤቴ እጁን ከሆዷ በታች አድርጎ ደገፋት። ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ወገቧ ከፍ ሲል የኋላ እግሮቿም መቅዘፍ ጀመሩ። ሁልጊዜም ወደ ገባችበት ቦታ አዙረን እናስወጣታለን፤ መውጫውን የማታውቅ ውሻ ደክማ ትሰምጣለችና። ከአሥር ደቂቃ አናሳልፍም ነበር።

እናንተም የምትሞክሩ ከሆነ ጥቂት ልጨምር። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ነገር ካያችሁ አታስገቧት። መርዛማ አልጌ ሊሆን ይችላል፤ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ኳስ ስታመጣ ብዙ ውሃ የምትውጥ ውሻም በደሟ ያለው ጨው ቀንሶ ልትታመም ትችላለች። ሆዷ ከተነፋ፣ ካስመለሳት ወይም ከተንገዳገደች ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ከዋና በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ጆሮዋን አድርቁላት። ከሁሉ በላይ ግን ጃኬት አለ ብላችሁ ዓይናችሁን ከእሷ አትንቀሉ።

በመስከረም አንድ ጠዋት ዳቦ ማንም ሳይደግፋት ጥቂት ሜትር ዋኝታ ወደ ባለቤቴ መጣች። በእጁ የዶሮ ሥጋ አልነበረም። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነበር፤ ልጃችን ገመዱን ሊከተል ሲል ውሃው ወገቡ ድረስ ደርሷል። ባለቤቴም አይቷል። እኔን አየኝ፤ ሁለታችንም ምንም አላልንም።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ በቤታችሁ የሚፈራ ሰው ይኖር ይሆን? ልጅ ይሆናል፣ የትዳር ጓደኛችሁም ልትሆን ወይም ሊሆን ይችላል። ፈሪ ሁሉ እምቢተኛ አይደለም። ገፍቶ የሚያስገባ ሰው ለፈሪው ዋና አያስተምረውም፤ እጁን መፍራት ያስተምረዋል እንጂ። ቀድሞ ገብቶ የሚጠብቅ ግን ጊዜ ቢፈጅበትም ይከተሉታል።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። አሁንም ወደዚያ ሐይቅ ስንሄድ ዳቦ ከዳርቻው ገብታ ትዋኛለች እንጂ የእንጨቱን መድረክ አትረግጥም። አጠገቡ ስትደርስ ቆም ትልና ወደ ባለቤቴ ቀና ትላለች። እሱም አያስገድዳትም፤ በዳርቻው በኩል ዞሮ አብሯት ይሄዳል።

ሰላም ሁኑ።