የባሕር ወንበዴው የማን ልጅ ነው?

ሃምፕተን በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚከፈትበት አካባቢ ያለች የወደብ ከተማ ናት። እንግሊዞች የሰፈሩባት እ.ኤ.አ. በ1610 ነው። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ትርቃለች፤ መንገዱ ከተጨናነቀ ግን ሰዓት አለመቁጠር ይሻላል። በአዘቦት ቀን ጀልባዎች ታስረው የሚወዛወዙባት፣ ሽማግሌዎች ውኃ ዳር ተቀምጠው ዓሣ የሚያጠምዱባት ረጋ ያለች ከተማ ነች። በዓመት አንድ ጊዜ ግን የባሕር ወንበዴዎች ይወርሯታል።

ወንበዴዎቹ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ መካኒኮችና እንደ እኔ ያሉ ጡረተኞች ናቸው። የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያቸው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የኖረን ሰው ሆኖ መዋል ነው። እኛ ተዋናይ ጎበዝ ሲሆን “ገጸ ባሕሪውን ተላበሰው” እንላለን። እነዚህ ሰዎች መላበሱን የሚጀምሩት ከካልሲ ነው።

ልጄን ለመጠየቅ ሄጄ በከረምኩበት ወቅት፣ የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጄ “እማማ፣ የባሕር ወንበዴዎች በዓል እንሂድ” ሲለኝ ፊቴ ተቋጠረ። በእኔ ዕድሜ ያለ አንባቢ ምክንያቱን አያጣውም። “ወንበዴ” የሚለውን ቃል በወጣትነታችን የሰማነው ከሬዲዮ ነበር፤ ከቃሉ በስተጀርባም ሰው ይሞት ነበር። የባሕሩን ወንበዴ ደግሞ ያወቅነው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በሶማሊያ ጠረፍ መርከቦች ሲታገቱ ነው። የታገተ መርከበኛ ሁሉ እናት አለው። ልጄን “ውንብድና ጨዋታ ከሆነ ቁም ነገሩ ምን ሊሆን ነው?” አልኳት። “እማዬ፣ መጀመሪያ እይው” አለችኝ። ሄድን።

ወደቡ ዳር የደረስነው ከረፋዱ ላይ ነው። አንድ ዓይኑ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ሕፃን በጋሪ ሲገፋ አየሁ። አንዲት አሮጊት በባትሪ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን መርከብ አስመስለው፣ ሸራ ሰቅለውለት፣ ጎራዴ ታጥቀው በሕዝቡ መካከል ያልፋሉ። ከውኃው ላይ መድፍ ሲተኮስ ደረቴ ድረስ ተሰማኝ። ጥይት የለውም፣ ባሩድ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ከመተኮሳቸው በፊት አንድ ኃላፊ እየጮኸ ሰዉን ወደ ኋላ ያርቃል። ጎራዴዎቹም ስለት የላቸውም።

ከአላፊ አግዳሚው አብዛኛው “አርርር!” እያለ ይጮኻል። የሚገርመው፣ ይህ አነጋገር ከባሕር የመጣ አይደለም። ያስፋፋው ሮበርት ኒውተን የሚባል እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው “ትሬዠር አይላንድ” ፊልም ላይ የተወለደበትን የምዕራብ እንግሊዝ አነጋገር አጉልቶ ተጫወተው፣ ዓለምም የወንበዴ ቋንቋ አድርጎ ተቀበለው። ሙያውን የምር የያዙት ሰዎች ግን “አርርር” አይሉም። ድንኳናቸው ከግርግሩ ፈንጠር ያለ ነው። ልብሳቸው ሊነንና ሱፍ ነው፤ ዚፕ የለም፣ የእጅ ሰዓት የለም፣ ስልኩም ከእንጨት ሣጥን ውስጥ ተደብቋል። ከመካከላቸው አንዱ አዲስ ነገር ለብሶ ከመጣ ሌሎቹ “ማስረጃህ የት አለ?” ይሉታል፤ በዘመኑ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ወይም ከባሕር በወጣ ዕቃ ማረጋገጥ አለበት።

በዓሉ የሚከበረው በብላክቢርድ ስም ነው፤ “ጥቁር ጺም” እንደ ማለት ነው። ስሙ በሰነዶች ኤድዋርድ ቲች ወይም ታች ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1724 ለንደን ላይ የታተመ አንድ የወንበዴዎች ታሪክ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ጺሙን በሪባን ይጎነጉን፣ ለውጊያ ሲወጣ ከባርኔጣው ሥር ቀስ ብሎ የሚነድ የመድፍ መለኮሻ ክር ይሰካ ነበር። ፊቱ በጭስ ተከቦ ሲታይ የነጋዴ መርከብ ሳይዋጋ እጁን ይሰጣል። የታሪክ ተመራማሪዎች ከመጨረሻው ውጊያው በፊት ሰው መግደሉን የሚያረጋግጥ ሰነድ አላገኙም። ፍርሃት ሥራውን ይሠራለት ነበር። ስለዚህ ብላክቢርድን የሚጫወት ሰው፣ ራሱ ሲጫወት የነበረን ሰው ነው የሚጫወተው።

ፍጻሜው ከሃምፕተን ጋር የተያያዘ ነው። የቨርጂኒያው ገዢ አሌክሳንደር ስፖትስዉድ የላከው መቶ አለቃ ሮበርት ሜይናርድ ኅዳር 22 ቀን 1718 እ.ኤ.አ. ኦክራኮክ በምትባል ደሴት አጠገብ ገጠመው። ሜይናርድ በጻፈው መሠረት ብላክቢርድ የወደቀው በአምስት ጥይትና በሃያ የጎራዴ ቁስል ነው። ጭንቅላቱን ከመርከቡ አፍንጫ ላይ ሰቅሎ ወደዚህ አመጣው። በአካባቢው እንደሚነገረው በወንዙ አፍ ላይ በእንጨት ተሰክቶ ለመቀጣጫ ቆሟል፤ ቦታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የልጅ ልጄ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ።

እግሬ የቆመው ከመርከቡ ሐኪም ድንኳን ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ መጋዝ፣ የደም ማሰሪያ ጠፍር፣ የናስ ሙቀጫና ዘነዘና፣ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ስሪንጅ ተደርድሯል። የደም ማውጫ ሳህኑን ሳይ “ዋግምት!” ብዬ ጮኽኩ። ሰውየው በአዘቦት ቀን የቤት ማቀዝቀዣ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ እዚያ ግን እጁን ሲያነሳ፣ አንገቱን ሲያዞር ቀዶ ጠጋኝ ነው። ጠፍሩን በአንድ ጎረምሳ ጭን ላይ ሲያስር ተመለከትኩት፤ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ጥብቀት ነው ያሰረው። ቀጥሎ መጋዙን በቆሸሸ ሽርጡ ጠረገና መልሶ አስቀመጠው። “አይታጠብም?” አልኩት። “እመቤቴ፣ ምን ተገኝቶበት?” አለኝ ግራ በመጋባት። ጀርም ገና አልታወቀም ነበርና እሱም አያውቀውም። ጨዋታው አልቆ ምሳ ሊበላ ሲሄድ ግን ከኪሱ የእጅ ማጽጃ አልኮል ሲያወጣ ያዝኩት።

ከጠረጴዛው ዕቃዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ከብላክቢርድ መርከብ በተገኙት አምሳያ ነው። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1718 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ቦፈርት ከምትባል ወደብ መግቢያ ላይ አሸዋ ይዟት ቀረች፤ ስብርባሪዋ የተገኘው በ1996 ነው። ከውስጧ የወጣው የሽንት ቧንቧ ስሪንጅ የባዜቃ፣ ማለትም የሜርኩሪ ቅሪት ነበረበት። ለቂጥኝ ሕክምና መሆኑ ነው፤ በሽታውንም በሽተኛውንም ይጎዳ ነበር። እኔ ሥራ ስጀምር የብርጭቆ ስሪንጅ ቀቅለን ነበር የምንጠቀመው፤ ያንን ዕቃ በእጄ ይዤ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ በፊት፣ በዚያው ዓመት በግንቦት፣ ብላክቢርድ የቻርልስተንን ወደብ ዘግቶ መርከቦች አግቶ ነበር። ከታጋቾቹ መካከል የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት አባል ሳሙኤል ራግና የአራት ዓመት ልጃቸው ነበሩ። ለማስለቀቂያ የጠየቀው የመድኃኒት ሣጥን ነው። ሣጥኑ ተሰጠው፣ ታጋቾቹም በሕይወት ተለቀቁ። በየጤና ጣቢያው “መድኃኒት አልቋል” ብዬ ሰው የመለስኩባቸውን ቀናት አስታወስኩ። ያም ሆኖ የአራት ዓመት ሕፃን ማገት የአራት ዓመት ሕፃን ማገት ነው።

ሐኪሙ ሌላም አስነበበን። እ.ኤ.አ. በ1678 የወንበዴዎችን ኑሮ የጻፈው ኤክስከመሊን ራሱ የመርከብ ቀዶ ጠጋኝ ነበር። እሱ እንደሚለው፣ ከዘረፋው ላይ በቅድሚያ ለቁስለኛ ይከፈላል፤ ለቀኝ ክንድ 600 የስፔን ብር፣ ለግራ ክንድ 500፣ ለቀኝ እግር 500፣ ለግራ 400፣ ለአንድ ዓይን 100።

“አንተስ ማን ነህ? እንዴት ወንበዴ ሆንክ?” አለው የልጅ ልጄ። ሰውየው ሳይሳቅ መለሰ። “እኔ ወንበዴ አይደለሁም። ላ ኮንኮርድ በምትባል የፈረንሳይ መርከብ ላይ ሐኪም ነበርኩ። ብላክቢርድ መርከቧን በ1717 ሲቀማ፣ ሐኪሞቹን በግድ አስቀረን። አሁን ያገቱኝን ሰዎች ቁስል እጠግናለሁ።” ይህ የፈጠራ አይደለም፤ ሦስት ሐኪሞች በግድ መወሰዳቸው በፈረንሳይ ሰነዶች ተጽፏል። ይህን ገጸ ባሕሪ እኔም አውቀዋለሁ። በጦርነቱ ዘመን ማን እንደ ተኮሰ ሳንጠይቅ ቁስል ያጠብን ሰዎች ብዙ ነን። ነጩን ጋዋን ስንለብስ የራሳችንን ቂም ከበር ውጭ እንተው ነበር፤ ያም መላበስ ነው።

ሐኪሙ በተራው ልጁን ጠየቀው። “ስምህ ማን ነው? የት ተወለድክ? የማን ልጅ ነህ? አባትህ ምን ሠርቶ ይኖር ነበር? ኪስህ ውስጥ ምን አለ? ማን ይናፍቅሃል?” ልብስ ከመስፋት በፊት እነዚህ ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው አለው፤ ያልተመለሱ እንደሆነ ሰውየው የጨርቅ አሻንጉሊት ነው። የልጅ ልጄ አሰብ አደረገና “እኔ በዚያች መርከብ ላይ ብኖር የት ነበርኩ?” አለ።

ልጄ አየችኝ። ሐኪሙ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እነሱ ዘንድ ይህ ከጨዋታው መውጣት ነው። ከዚያ በራሱ ድምፅ ነገረው። መርከቧ ባሪያ ጫኝ ነበረች። ውይዳ ከምትባል የምዕራብ አፍሪካ ወደብ 516 ሰዎች ጭና ተነሳች፤ 61ዱ በመንገድ ሞቱ። ብላክቢርድ መርከቧን ሲወስድ አፍሪካውያኑ ቤክዊያ ደሴት ላይ ወረዱ፤ የፈረንሳዩ ካፒቴን ተመልሶ አብዛኞቹን ሰብስቦ ማርቲኒክ አሻግሮ ሸጣቸው። “ከብላክቢርድ ሰዎች መካከል ጥቁሮች ነበሩ” አለው። “አንዱ ቄሳር ይባላል። ነፃ ሰዎች ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለውን ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከሩበታል። አንተ የት እንደምትሆን ግን እኔ አልመርጥልህም።”

ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ ይነገራል ወይ? መኪና ውስጥ ልጄና ባሏ ተከራከሩበት። እኔ የሙያዬን ነው ያልኩት፤ ለልጅ መድኃኒት በኪሎው ተለክቶ ይሰጣል እንጂ ልጅ ነው ተብሎ አይከለከልም። ሰውየው ቁጥሩን ነገረው፣ የሰንሰለቱን ዝርዝር ተወው። ልኩን አውቋል።

ከሰዓት በኋላ በመኪና ጥቂት ደቂቃ የምትርቀውን የፎርት ሞንሮን ምሽግ አየን። በነሐሴ 1619 እ.ኤ.አ. “ዋይት ላየን” የተባለች እንግሊዛዊት መርከብ ከሃያ የሚበልጡ አፍሪካውያን ያወረደችው እዚህ ባሕር ዳር ነው። ሰዎቹን ያገኘቻቸው ከአንዲት የፖርቱጋል ባሪያ ጫኝ መርከብ ላይ ቀምታ ነው። የመንግሥት ፈቃድ ይዞ መዝረፍ በዚያ ዘመን ውንብድና አይባልም ነበር። የልጅ ልጄ ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣውን እንዳደረገ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው።

ወደ ቤት ስንመለስ ጥያቄዎቹን መመለስ ጀመረ። ለወንበዴው ስም አወጣ፣ የምፅዋ ልጅ አደረገው፣ ለአያቱም የወጌሻነት ሙያ ሰጠ። አባቱ “ማስረጃህ የት አለ? የምፅዋ ልጅ በምን መንገድ አትላንቲክ ደረሰ?” ብሎ ያዘው። “የማን ልጅ ነህ?” ለሚለው እስከ ሦስተኛ ትውልድ ድረስ ፈጠረለት። እኔም “የአንተስ?” አልኩት። የአባቱን አባት ስም አውቆ እዚያ ቆመ። አማቼ አራት ድረስ ሄደ። እኔ በእኔ በኩል ሰባት ቆጠርኩለት፤ ከሰባቱ አንዱ ወጌሻ ነበሩ። ልጁ ይህን ሲሰማ “ማስረጃ አለሽ?” አለኝ።

አገር ቤት ያሉ ወላጆች ይህ አይመለከተንም አይበሉ። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ልጆቻችንን ጎፈር አልብሰን፣ ጋሻ አስይዘን አደባባይ እናወጣለን፤ ደስም ይላል። ጋሻውን ስናስይዝ ጥያቄውንም እናስይዛቸው። ይህ ዘማች የማን ልጅ ነው? ከየት ተነስቶ ስንት ቀን ተጓዘ? ስንቁ ምን ነበር? ሲቆስል ማን ጠገነው? ልጅ ወንበዴም ይጫወት አርበኛ፣ ከልብሱ ውስጥ ሰው ካለ ጨዋታው አይጎዳውም።

አሁን አሌክሳንድሪያ፣ ልጄ ቤት፣ የማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። በግራ የወንበዴው ዘር፣ በቀኝ የልጅ ልጄ ዘር ተጽፎበታል። በቀኝ በኩል ሁለት ባዶ ቦታ ቀርቷል፤ ሁለቱም የሴት አያቶች ስም ነው። በእነዚያ ዘመን የሴቶቹን ስም የያዘ አልተገኘም። አንዲት የዘጠና ዓመት ዘመዳችን ጎጃም ውስጥ አሉ፤ ስልክ የሚያነሳላቸው ልጅ ቤት ሲገባ እየጠበቅኩ እደውላለሁ።